ስለ ሚስማሩና ስለ እህትህ ግራ እጅ

ጥቅምት 6

ለተከበሩ ሠዓሊ፣

ለቤተ ዘመድ፣ ለወዳጅ፣ ለጠላት፣ እንዲሁም ከሦስቱ የትኛው ውስጥ እንደሚመደቡ እስካሁን ላልወሰኑት ለእርስዎ፣ የሚከተለውን በጥልቅ ኀዘን አስታውቃለሁ። ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ ሳለን፣ በሳሎናችን ግድግዳ ላይ ለረጅም ዘመን በታማኝነት ሲያገለግል የኖረው ሚስማር ከቦታው ወልቆ ወድቋል። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። ድመቷ ደንግጣ ሶፋው ሥር ገብታ ነበር፤ አሁን ወጥታ ወተቷን ጠጥታለች። የአደጋውን መንስኤ የሚያጣራ ኮሚቴ በአስቸኳይ ተቋቁሟል። አባላቱ እኔና ድመቷ ስንሆን፣ ሰብሳቢ እኔ ነኝ። መቼም ሰብሳቢ ከተባለ በዚህ ቤት ሌላ ማን አለ።

ሚስማሩ ተሸክሞት የነበረው የእህትዎን ሥዕል ነው፤ የባለቤቴን። እሷ ደህና ናት። ለጊዜው ኮሪደሩ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማለች። እንደ ተቀጣ ተማሪ መስላለች፤ ያጠፋው ግን የሣላት ሰው ነው።

በሉ እንግዲህ አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃን። የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነህና በወጉ ልጠራህ ሞክሬ ነበር፤ ብዕሬ እምቢ አለኝ።

አንድ መስመር ደብዳቤህ ደርሶኛል። «ማን ነው ያለቀለት?» ይላል። ሰላምታ የለው፣ ቀን የለው፣ ፊርማ የለው። ለነገሩ ሳትፈርም መተው የቆየ አመልህ ነው፤ የእህትህ ሥዕል ላይም ስምህ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ የምትሠራበት መጽሔት፣ ስለ ሥዕል፣ ስለ ቲያትር፣ ስለ ዘፈንና ስለ ሲኒማ ለራሴ ስሞነጫጭር የኖርኩትን «ከአንድ ሰብሳቢ የግል ማስታወሻ» እያለ ማተም ጀምሯል። ልጅቷ ለምና ወሰደችው። እኔም ለመለመን ብዙ አላስቸገርኩም። ስለ እህትህ ሥዕል የጻፍኩት ይህን ነበር፤ «ፊቷ የተዋጣለት ነው። ግራ እጇ ግን ቡናማ ድፍድፍ ነው፤ ጣት የሚባል የለውም። ሥዕሉ አላለቀለትም።» የመጽሔቱ ጸሐፊ የእጅ ጽሑፌን ማንበብ አቃተው። የመጀመሪያዋን ፊደልና መሀል ላይ ያለችውን «አል» ለየና የቀረውን ከሆዱ ሞላው። «ሠዓሊው አልቆለታል» ብሎ አተመልህ።

በልጅቷ በኩል ይቅርታ እንድጠይቅ ማዘዝህን ሰምቻለሁ። አልጠይቅም። እንደ ዓረፍተ ነገር ካየነው የሰውየው ከኔ ይሻላል፤ አጭር ነው፣ ጥርት ያለ ነው፣ ሰውም አስታውሶታል።

ሥዕል የሚገዛው በግድግዳው ልክ ነው ብለህ ያወጣህልኝን ስም አሁንም በኩራት ተሸክሜዋለሁ።

ግድግዳው

⁂

ጥቅምት 14

ግድግዳው፣

ሰላምታ አልጽፍም። ብጽፍ ታሾፍበታለህ።

ጸሐፊው ተሳሳተ የምትለውን ለድመትህ ንገራት። እዚህ ሰፈር ያ መጽሔት የማይገባበት ቤት የለም። ፀጉር ልቆረጥ ሄጄ፣ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አንገቴ ላይ አሳርፎ «ጋሼ፣ ምነው፣ አለቀልዎት እንዴ?» አለኝ። በምላጭ ሥር ሆኖ ምን ይመለሳል። ከጎኔ ተራውን የሚጠብቀው ጎረምሳ ፊቱን በጋዜጣ ሸፍኖ ሳቀ። ከዚያ ወጥቼ ነጭ ቀለም ልገዛ ሄድኩ። የቀለም ሱቁ ባለቤት ትልቁን ቱቦ አንስቶ አየኝ፣ ከዚያ መልሶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠና «ትንሹ ይበቃዎታል» አለኝ። ዕድሜ ልኬን ትልቁን ስገዛ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን ያደረግከኝ አንተ ነህ። ቆሽቴ አርሮ ነው የምጽፍልህ።

ለመሆኑ አንተ ስለ ሥዕል ምን ታውቃለህ? ከኔ ቤት የመጀመሪያውን ሥዕል ስትገዛ ሜትር ይዘህ መጣህ። እኔ ስለ ብርሃኑ ሳወራልህ አንተ ስፋቱን ትለካለህ። በማስታወሻህ ስለዚያ ቲያትር የጻፍከውንም አስነብቤ ሰምቻለሁ። «ዋናው ተዋናይ ሁለተኛው ክፍል ላይ ሞተ፤ ሦስተኛውን ክፍል ሳያይ በመቅረቱ ቀናሁበት» ብለሃል። ይህ ነው ሒስህ። ለዚህ ነው ወረቀት የሚባክነው።

አሁን ስለ እጇ። እጇ ያላለቀው በኔ ስንፍና አይደለም። ያላስጨረስከኝ አንተ ነህ። እሷ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ እየሣልኳት፣ አንተ ጓዳ በር ላይ ቆመህ ሬዲዮ ትከፍታለህ። ዘፈን በሰማች ቁጥር ግራ እጇ የወንበሩን መደገፊያ ይደበድባል። «እጅሽን አሳርፊ» እላታለሁ፤ ታሳርፋለች። አንተ ድምፁን ትጨምራለህ፤ ጣቶቿ መልሰው ይነሳሉ። እንዲያ ያለ እጅ ማን ይሥላል? ብሩሼን ወርውሬ የወጣሁት አብጄ አይደለም።

ሥዕሉን ላክልኝ። ለሁለት ሳምንት ብቻ። እጁን ጨርሼ፣ ፈርሜበት እመልስልሃለሁ። ለምን አሁን ብለህ እንዳትጠይቀኝ። አይመለከትህም።

የሚስትህ ወንድም

⁂

ጥቅምት 23

ለጋሽ ነገ፣

እህትህ ባወጣችልህ ስም ስጠራህ እንደማትወድ አውቃለሁ። ቀሚሷን ነገ፣ አንገቷን ነገ፣ እጇን ነገ እያልክ ስታመላልሳት ነው ያወጣችልህ፤ እኔ የለሁበትም።

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ይኸው፣ ሰላምታ እንዲህ ነው የሚጻፈው፤ ቀለም አይጨርስም፣ ትንሹም ቱቦ ይበቃዋል።

የፀጉር አስተካካዩን ነገር ለልጅ ልጆቼ አንብቤላቸው በሳቅ ምግብ አናቃቸው። ሰውየውን ሰላም በልልኝ። ምላጭ ይዞ ሒስ የሚሰጥ ሰው ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው።

ሬዲዮውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አልክድም። ድምፁን የጨመርኩትም እኔ ነኝ። ግን በማን ትእዛዝ? አንተ ሸራህ ላይ ባጎነበስክ ቁጥር እህትህ በጓዳው በር ወደኔ ታይና በዓይኗ ትጠቅሰኛለች። ጨምርልኝ ማለቷ ነው። አንተ ቀና ስትል እሷ እንደ መነኩሴ ትረጋለች። ያ ሁሉ የሥዕል አዋቂ በየጊዜው ቤቴ እየመጣ የሚያደንቀው፣ ከንፈሯ ዳር ላይ የቀረው ፈገግታ ከየት የመጣ መሰለህ? ላንተ ነው ብለህ ኖረሃል። እኔን እያየች ነው። አንተ ሣልከው እንጂ ያንተ አይደለም።

በል ሌላ ነገር ልጠይቅህ። ማስታወሻህን «አስነብቤ ሰማሁ» ብለሃል። ከመቼ ወዲህ ነው አንባቢ የቀጠርከው? የልጅ ልጄም አንተ ዘንድ ሰንብታ ስትመለስ አንድ ነገር ነግራኛለች። ሻይ ልትቀዳላት ብለህ ከስኒው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ቀዳህላት አሉ። ልጅቷ ጠረጴዛውን ጠረገች። እኔ ነገሩን ለቤተሰባችን ያለህ ንቀት ነው ብዬ ተርጉሜዋለሁ። ሌላ ትርጉም ካለው ጻፍልኝ።

ስለ ሥዕሏ፣ መልሴ አይሆንም ነው። ምክንያቱን ከማስታወሻዬ ልቅዳልህ፤ ይህን መጽሔቱ ገና አላተመውም፤ ምን ብለው እንደሚያትሙት እግዜር ይወቅ። «ዛሬ አዳራሹ ውስጥ አስማተኛ አየን። ሴትየዋን ሳጥን ውስጥ ከተታትና በመጋዝ ለሁለት ቆረጣት። ከዚያ ገጠማትና በሰላም ወጣች። ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ። እኔ ግን እግሯን አየሁ። ስትገባ ያደረገችው ጫማ ጥቁር ነበር፤ ስትወጣ ቡናማ ነው። ለባለቤቴ በጆሮዋ ነገርኳት። እሷም 'ታዲያ የመጀመሪያዋ ሴትዮ የት ሄደች?' አለችኝ። እስከ ቤታችን ድረስ ይህን ስናወራ መጣን።»

አንተ ቤት ገብታ የምትወጣው ሴት ያቺው ትሁን ሌላ ምን ዋስትና አለኝ? ኮሪደሩ ስለሚቀዘቅዝ ብርድ ልብስ ደርቤላታለሁ። ተመችቷታል። ተዋት።

ግድግዳው

⁂

ኅዳር 2

ለአቶ ሰብሳቢ፣

ከእንግዲህ «አንተ» ብዬ አልጠራዎትም። «አንተ» የሚባባሉት የሚቀራረቡ ሰዎች ናቸው። እኔና እርስዎ ከእህቴ ቀብር ወዲህ በአካል ተያይተን አናውቅም፤ ባንተያይም ቅር አይለኝም።

ሻዩ ንቀት አይደለም። ንቀቴን ብቀዳልዎት ስኒም አይበቃው። ትርጉሙን ከፈለጉ ይኸው።

ሐኪሙ ወንበር ላይ አስቀመጠኝና ፊት ለፊት የተሰቀለውን ፊደል አንብብልኝ አለኝ። የቱን ፊደል አልኩት። ግድግዳው ላይ ያለውን አለኝ። እኔ ግድግዳ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ጠላቴ ነው ብዬ ቀለድኩ፤ አልሳቀም። ያኔ ገባኝ። ዓይኔ መሀሉ ጠፍቷል፤ ዳር ዳሩ ነው የቀረው። የማየውን ነገር አላየውም፤ የማላየውን አየዋለሁ። ሰው ፊቴ ሲቆም ጆሮው ይታየኛል፣ አፍንጫው የለም። ስኒውን ካየሁት ስኒው ይጠፋል፣ ስለዚህ አጠገቡ እቀዳለሁ። መሀል ላይ ያለው ጉድጓድ በየወሩ እየሰፋ ነው። ክረምት ሳይገባ ይጨርሰዋል ብሎኛል። መድኃኒት የለውም። እንግዲህ ያንተ ጸሐፊ አልተሳሳተም ማለት ነው። ያንተ አልኩ። የእርስዎ።

ይህን የምነግርዎት እንዲያዝኑልኝ አይደለም። ካዘኑልኝ ደብዳቤዬን መልሰው ይላኩልኝ።

የሠራሁት ሁሉ በየሰው ሳሎን ተሰቅሎ አልቋል። ስሜ አለበት፣ ቀኑ አለበት፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ የኔ ነው። ያላለቀው አንድ ብቻ ነው። እሱም እህቴ ናት። እርስዎ ደግሞ እጁ ድፍድፍ ነው ብለው ለሀገር አስነበቡ። ያንን ድፍድፍ ትቼ መጨለም አልፈልግም። እጇን ከልጅነቷ ጀምሬ አውቀዋለሁ። በዳር ዓይኔም ቢሆን፣ በዳበሳም ቢሆን እሠራዋለሁ። ከፈለጉ ልጅቷ አጠገቤ ትቁም፣ ስህተት ካየች ታስቁመኝ።

የይቅርታውን ነገር ትቼዋለሁ። ሥዕሉን ብቻ።

ሠዓሊው

⁂

ኅዳር 11

አንተ ሰው፣

«እርስዎ» ስትለኝ ትከሻዬን በረደኝ። ደብዳቤህን እያነበብኩ ጋቢ አስደረብኩ።

አላዘንኩልህም። ደብዳቤውን ግን አልመልስልህም፤ ልጆቹ ጀርባው ላይ ዶሮ ሥለውበታል። ዶሮዋ ከነጣቷ አልቃለች፤ አንድም የጎደላት የለም። ፈርመውበታልም። እንድታፍር ብዬ ነው የምነግርህ።

ለሀገር አስነበብክብኝ ላልከው፣ አንድ የሙያ ምስጢር ልንገርህ። ሰብሳቢ የሚወደውን ዕቃ ነው የሚያጣጥለው። እንግዳ መጥቶ ዓይኑን ሲጥልበት፣ «እሱ እንኳ ጎዶሎ ነው፣ ና ይኼንን እይልኝ» ብለህ ወደ ሌላው ትወስደዋለህ። እኔ ድፍድፍ ነው ያልኩት ማንም እንዳይመኘው ነው። ቤቴ የመጡት አዋቂዎች ሁሉ ፊቷ ሥር ሲኮለኮሉ እኔ አልከፋኝም። ፊቷን ይውሰዱት። እጇን ለብቻዬ ነው የማያት።

አሁን የምነግርህን ለማንም አልተናገርኩም፤ አንተም ለፀጉር አስተካካይህ እንዳታወራ። አንተ ተናደህ ብሩሽ የወረወርክ ዕለት የቀረው ያ ቡናማ ነገር፣ እጅ ያልሆነው፣ ጣት የሌለው፣ እጇ ራሱ ነው። ልክ እንደዚያ ነበረች። ዘፈን ሲመጣ ጣቶቿን ለይተህ የምታያቸው መሰለህ? እኔ ሬዲዮ ስከፍት አሁንም ቀና ብዬ ወደዚያ አያለሁ። ሳሎኑ ውስጥ ካለው ሥዕል ሁሉ የማያርፈው እሱ ብቻ ነው።

አንተ ደግሞ ልጨርሰው ትላለህ። ጣት ጣት ትሠራለታለህ፣ ጥፍር ትሠራለታለህ፣ መደገፊያው ላይ ታሳርፈዋለህ። ያረፈ እጇን አንዴ አይቻለሁ። አንተም አጠገቤ ነበርክ። ይበቃኛል።

ሥዕሏን አልልክም ያልኩት ለዚህ ነው። ምቀኝነትም አለበት፤ ያለ እሱ እኔ አልሆንም።

እንግዲህ ይኸው። አንተ ካልጨረስከው አያልቅልህም፤ አንተ ከጨረስከው እኔ ዘንድ ያልቃል። ከሁለታችን አንዳችን መክሰር አለብን። ሦስት ቀን ሙሉ ደብዳቤህን ኪሴ ይዤ ስዞር ኖርኩ። ድመቷን አማከርኳት፤ አዛጋች። ኮሚቴው ያለ ውሳኔ ተበተነ።

ልጅቷ ቅዳሜ በአውቶቡስ ታመጣታለች። የመስኮት ወንበር ተይዞላታል፤ በመንገድ ላይ ሰልችቷት እንዳትከፋ። የምለምንህ ነገር የለም፤ ልማዴም አይደለም። የማዝዝህ ግን አለ። ብሩሽህን ቀለም ከማስነካትህ በፊት ሬዲዮ ክፈት። ከዚያ በኋላ እንዳሰኘህ አድርግ።

«አንተ» ብለህ ጻፍልኝ። ስድብ እንኳ ቢሆን።

ግድግዳው

⁂

ታኅሣሥ 9

ግድግዳው፣

አንተ ይሉኝታ የሌለህ ሽማግሌ። ስድብ ካማረህ ጀምሬልሃለሁ።

ሥዕሉን ስፈታው ያገኘሁት የሚከተለውን ነው። ቀሚሷ ሰማያዊ ነበር፤ አሁን አመድ ነው። መስኮት ፊት ለፊት ሰቅለኸው ፀሐይ ሲልሰው ኖሯል። የከተትክበት ፍሬም የበር መቃን ነው እንጂ ፍሬም አይደለም፤ አናጢው በር ሲሠራ ተርፎት ነው የሰጠህ። ቫርኒሹ ላይ የድመት ፀጉር ተጣብቋል። ይህን ሁሉ በጣቴ እየዳበስኩ ነው ያወቅሁት፤ የቀሚሱን ልጅቷ ነገረችኝ። ሰብሳቢ ትባላለህ። አቧራም ይሰበስባል።

ሬዲዮ የለኝም። ከፀጉር አስተካካዩ ተዋስኩ። ሲያቀብለኝ «እንዴ ጋሼ፣ አላለቀልዎትም?» አለኝ። ምላጭ ስላልያዘ የሚገባውን መለስኩለት።

ቀለሙን አዘጋጀሁ። ቡናማውን፣ ነጩን፣ ለጥፍሩ ትንሽ ቀይ። ሬዲዮውን ከፈትኩ፤ ስላዘዝከኝ ሳይሆን ተውሼው ስለመጣሁ። ከሸራው ፊት ተቀመጥኩና እጁን ፈለግሁት። የፈለግሁትን ነገር እንደማላየው ነግሬህ የለም? እጁን ሳየው ጠፋ። ዓይኔን ባዞርኩ ቁጥር ጉድጓዱ አብሮኝ ይዞራል። ልጅቷ «ወደ ግራ፣ አሁን ወደ ታች» እያለች ብትመራኝም ዋጋ የለውም። ተናደድኩ። ብሩሹን ልወረውር አነሳሁት።

ከዚያ ተውኩትና ፊቷን ላያት አልኩ። ፊቷ ጠፋ። እዚያው፣ ፊቷ መሆን የነበረበት ባዶ ላይ ዓይኔን ተክዬ ተቀመጥኩ። ዘፈኑ ይሄዳል። ያን ጊዜ ከታች፣ ከዳር፣ እጇ መጣች።

ዘፈኑን ትከተል ነበር አልልህም፤ ትስቅብኛለህ። ትቀድመው ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ትቀድም ነበር፤ ዘፋኙ ሳይደርስበት እሷ ትደርስበታለች፤ እናታችን ሁልጊዜ ትቆጣት ነበር። አንተ ይህን አታውቀውም። ዘፈኑን የምትከተል ይመስልህ ነበር።

ስንት ዘፈን እንዳለፈ አላውቅም። ልጅቷ መሀል ላይ ወጥታ ነበር፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ አንተም አትጠይቃት። ብሩሹን አጠብኩት። የደባለቅሁትን ቀለም ልጅቷ ከሰሌዳው ላይ በቢላ ፋቀችው፤ ያ ሁሉ ነጭ ባከነ። ከትንሹ ቱቦ።

እጇን አልነካሁትም። ፈርሜበታለሁ። የት እንደፈረምኩ ግን አላየሁም፤ ልጅቷ «ጥሩ ነው» ብላኛለች፤ ያንተ ዘር ስለሆነች አላምናትም።

ስለ ፈገግታው ያልከውን አልቀበልም። ለማንም ፈገግ ትበል፣ የሣልኩት እኔ ነኝ።

ይቅርታውን ትቼዋለሁ ብዬህ ነበር። አልተውኩትም። በጽሑፍ እንዲሆንልኝ እፈልጋለሁ። እንዲሁም ልጅቷን ጠይቄያት አልነግርህም ያለችኝን አንተን ልጠይቅህ፤ በዚህ ሁሉ ደብዳቤህ ውስጥ የዋሸኸው የትኛውን ነው? አንድ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እህቴ «ሳይዋሽ ከዋለ አመመው ማለት ነው» ትል ነበር።

አንተን አንተ የምልህ ሠዓሊ

⁂

ታኅሣሥ 20

ለጋሽ ነገ፣

ሥዕሏ በሰላም ገብታለች። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት እናት ከጎኗ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ድረስ ስለ ልጃቸው ሠርግ ሲያወሩላት መጡ አለች ልጅቷ። አንዴም አላቋረጠቻቸውም።

ፊርማህ ያረፈው የወንበሩ እግር ላይ ነው። ከዚያ ዘንበል ብሎ ወደ ቀሚሷ ጫፍ ይሄዳል። ሴትየዋን ሳይሆን ወንበሩን ነው የሠራሁት ያልክ ይመስላል። ትናንት አንድ አዋቂ መጥቶ ፊቷን ትቶ ፊርማው ሥር አጎነበሰ፤ «የሠዓሊው ድፍረት እዚህ ላይ ነው የሚታየው» አለ። እንዳመነ ሸኘሁት። ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ሲታተም አስነብብ።

በመጽሔቱ በሚቀጥለው እትም ማስተካከያ ይወጣል። ቃሉን እኔ ነኝ ያጻፍኩት፤ «ቀደም ሲል 'ሠዓሊው አልቆለታል' ተብሎ የታተመው 'ሥዕሉ አላለቀለትም' ተብሎ ይነበብ። እሱም ቢሆን 'ሥዕሉ አልቋል' ተብሎ ይነበብ።» ስለ ሠዓሊው ያለኝን አስተያየት እንደያዝኩ ነኝ። ለፀጉር አስተካካዩና ለቀለም ሱቁ ባለቤት አንዳንድ ቅጂ ይላክላቸዋል። ትልቁን ቱቦ እንዲመልሱልህ።

ትቀድም ነበር ያልከውን እውነት አላወቅሁም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮ ስከፍት ቀድሜ ቀና እላለሁ። ስለ እህትህ በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ነገር አሳወቅከኝና ልቤን አቆሰልከው። ይህን አልረሳልህም።

ከሥዕሏ ሌላ ጥያቄህም አብሮ መጥቷል። የጸሐፊው ስህተት እውነት ነው፤ ከፈለግህ የእጅ ጽሑፌን ልላክልህ፣ አንተ ባታነበውም እሱም አላነበበውም። ጥቅሻዋ እውነት ነው። የአስማተኛው ጫማ እውነት ነው። ዶሮዋም እውነት ናት።

ሚስማሩ ነው ውሸቱ።

አልወለቀም። ልጅቷ ካንተ ዘንድ ተመልሳ የሻዩን ነገር ስትነግረኝ የዓይንህ ነገር መሆኑ ወዲያው ገባኝ፤ በማግስቱ ፒንሳ አምጥቼ ራሴ ነቀልኩት። ሥዕሏን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ በገመድ አስሬ፣ ልልክልህ ኮሪደሩ ላይ አቆምኳት። ይህን ስጨርስ መጽሔቱ ወጣ፤ አንድ መስመር ደብዳቤህም መጣ። በዚያ ንዴትህ ላይ ብልክልህ ለካሳ ነው ወይም ለምጽዋት ነው ብለህ በዚያው አውቶቡስ ትመልሳት ነበር። ራስህ ተቆጥተህ እንድትጠይቀኝ ፈለግሁ። ይህ አንደኛው ምክንያት ነው። ሁለተኛው፣ ገመዱን ካሰርኩ በኋላ መልቀቅ አቃተኝ። ስንት ጊዜ አልፌያት ስሄድ ገመዱን እንደነካሁት ኮሚቴው ያውቃል። ድመቷ ሶፋ ሥር መግባቷ ግን እውነት ነው፤ ያስደነገጣት ግድግዳውን ስደበድብ የተሰማው ድምፅ ነው።

ሚስማሩ ምንም አልሆነም ነበር። ጤነኛ፣ ጠንካራ፣ ሥራውን የሚወድ ሚስማር ነበር። እምቢ ብሎኝ ከነግድግዳው ልጣጭ ነው የወጣው፤ አሁንም መልሼ የሰቀልኳት በእሱው ነው።

ይቅርታ በጽሑፍ ብለሃል። እሺ። ከሥራው ሳይጓደል «ወልቆ ወደቀ» ተብሎ በሐሰት ስሙ ለጠፋው ሚስማር፣ በዚህ ደብዳቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ላንተ የለኝም።

ግድግዳው